ጭልፊትን እንስጥ ወይስ አንስጥ

ወሬውን ያመጣው የዳቦ ማመላለሻው መኪና ሹፌር ነው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ሰምታችኋል? የአውቶቡስ ድርጅት ጭልፊትን ስጡን ብሏል! በሁለት ተጫዋች እንለውጣችሁ ብሏል!» ብሎ ጮኸ። እኔ ማሸጊያ ክፍል በር ላይ ሳጥን እየደረደርኩ ነበር። የያዝኩትን ለቀቅኩትና ዳቦው መሬት ላይ ተበተነ። ሹፌሩ ሳቀብኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ጭልፊት የፋብሪካችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ኮከብ ናት። የምድጃ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ምሳዋን እንኳ ቆማ የምትበላ። ሜዳ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ኳስ ከሰው እጅ ስትነጥቅ የተነጠቀችው ልጅ ባዶ እጇን እያየች ትቀራለች፤ ስሙ የወጣላት ለዚህ ነው። ቡድናችን ከሚያገባው ነጥብ ግማሹ የእሷ ነው። እንግዲህ ይቺን ልጅ ነው ስጡን የሚሉት! ልብስ አበድሩን እንደሚሉ፣ ሳያፍሩ!

የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ደንብ እንዲህ ነው፤ ተጫዋች የሚለወጠው ሰው በሰው ነው፣ የተለወጠችውም ሥራዋን ጭምር ትለውጣለች። ዛሬ ዳቦ ታወጣ የነበረች ነገ ትኬት ትቆርጣለች። ይህ የሚፈቀደው በውድድሩ አጋማሽ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ አሰልጣኞች መስማማት፣ ተጫዋቿም እሺ ማለት አለባት። የእኛ አሰልጣኝ ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴን በስሙ የሚጠራው የለም። ጋሼ ሩጡ ነው የሚሉት። ሜዳ ዳር ቆሞ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው «ሩጡ! ሩጡ!» ሲል ስለሚውል ነው። እሱ ራሱ ሲሮጥ ያየው ሰው ግን የለም። አንድ ጊዜ የእሳት አደጋ ደወል ተደውሎ እኛ እየተገፋፋን ስንወጣ፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ወጣና በር ላይ ቆሞ «ምን አስሮጣችሁ?» አለን።

ፋብሪካው የገባው ጎረምሳ ሳለ ዱቄት ተሸካሚ ሆኖ ነው። ከጆንያ ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ ምድጃ አደገና የምድጃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ግቢው ውስጥ አንድ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ያስተከለው የቅርጫት ኳስ ምሰሶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ተዛወረ፣ ኳሷ ጠፋች፣ ሴቶቹም ምሰሶው ላይ ገመድ አስረው ሽርጣቸውን ያሰጡበት ጀመር። አባቴ አንድ ቀን ገመዱን ፈታና፣ «ቡድን እናቋቁማለን» አለ። በሕይወቱ ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ አያውቅም። ሕጉንም የተማረው ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር «አሁን ደግሞ ምን አጠፋን?» እያለ በመጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሴቶቹ ኳሷን አቅፈው ነበር የሚሮጡት። «ጎሽ! እንዳትለቂያት!» ይል ነበር አሉ፤ ዳኛው በሳቅ ፊሽካው እስኪወድቅበት ድረስ።

ግን አንድ ነገር ያውቃል። ከምድጃ የወጣ ትሪ ትኩስ ነው፤ በጓንትም ቢሆን ማንም ይዞት አይቆምም። ሴቶቹ ተሰልፈው አንዷ ለሌላዋ እያቀበለች መደርደሪያው ድረስ ያደርሱታል። እጅ ከእጅ፣ ሳይተያዩ፣ ሳይነጋገሩ። አባቴ ይህን ዕድሜውን ሙሉ ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን ራሱን በጥፊ መታና፣ «ይኸው ጨዋታው!» አለ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ አንድ ብቻ ነው፤ ኳሷ ትኩስ ናት፣ የያዛት ይቃጠላል። በዚች በአንዲት ትምህርት የሆስፒታሉን ቡድን አሸነፍን፣ የውኃ ድርጅቱን አሸነፍን፣ ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ደረስን። ሦስቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጣን። እናቴ፣ «ሁለተኛነት እኮ ቤታችን ገብቶ ቤተሰብ ሆኗል፤ ሰሃን ልጨምርለት ይሆን?» ትላለች።

ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ውድድሩ ሲያልቅ አባቴ ጡረታ ይወጣል። ዋንጫውን አሁን ካልበላ አይበላውም። ይህን እሱ አይናገረውም፣ እኛም አናነሳበትም፤ ግን ፋብሪካው ውስጥ የማያውቀው የለም። ታዲያ ኮከቡን አሳልፎ ይሰጣል? ሰው በገዛ እጁ?

በምሳ ሰዓት አዳራሹ ተናወጠ።

«ጭልፊት ከሄደች እኔ ሜዳ የሚባል ቦታ አልረግጥም!» አለ የሊጥ ማቡኪያው ኃላፊ፤ ወፍራም፣ ቁጡ፣ በየጨዋታው ድምፁ የሚዘጋ ሰው ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ሊሆን ነው።»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አልተባለም?» ብላ መለሰችለት የእኔ አለቃ፣ የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ። «እስቲ ልጅቷ ጉንፋን የያዛት ዕለት የሆንነውን አስታውስ። አምስት ሴት ሜዳ ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ሲተያይ! ኳሷን ለማን እንስጥ እያሉ ጭልፊትን አግዳሚው ላይ ሲፈልጓት!»

«እና ጉንፋን ስለያዛት ትሰጥ?»

«እሷ ከመጣች ወዲህ ሌሎቹ ተመልካች ሆነዋል ነው የምልህ! ትኬት ሳይከፍሉ፣ ከሁሉም ፊት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳላስበው። ምክንያቱም እውነት ነበር። ትኩስ ናት ያልናት ኳስ ጭልፊት ከመጣች በኋላ ቀዝቅዛ ነበር። ሁላችንም ለእሷ ሰጥተን ወገባችንን ይዘን እናያታለን። እኔማ ወትሮም ማየት ሥራዬ ነው፤ ተቀያሪ ነኝ። አባቷ አሰልጣኝ ሆኖ ልጁ አግዳሚ የምታሞቅበት ቡድን የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጭልፊት እዚያው አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ዳቦዋን ትገምጥ ነበር። አንዱ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ጋሼ ያሉት ይሁን» አለች፤ አቀርቅራ።

ይህች ልጅ «ጋሼ ያሉት ይሁን» ካለች አለች ነው። ወደ ፋብሪካው ስትመጣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ፣ የሚያውቃት ሰው ሳይኖር ነው የመጣችው። ዘበኛው ሥራ የለም ብሎ ሲመልሳት አባቴ በር ላይ ደረሰና፣ «ሥራ አለ፤ ግን ሙቀት ነው፣ ትችያለሽ?» አላት። ያስቀጠራት እሱ፣ ኳስ ያስያዛት እሱ። እሁድ እሁድ ቤታችን ትበላለች፤ እናቴ የእኔን ድርሻ እየቀነሰች ለእሷ ትጨምራለች። ስለዚህ የምትፈልገውን ነገር ከአፏ ማውጣት ቋጥኝ የመፈንቀል ያህል ከባድ ነው። ብትቆይ ለጋሼ፣ ብትሄድ ለጋሼ።

ማታ እራት ላይ ነገሩን አነሳሁት።

«አባዬ፣ እምቢ በላቸው።»

«እያሰብኩ ነው።»

«ምኑ ያሳስባል? እትዬ ፌርማታ እኮ ናት የጠየቀችህ! ሦስት ጊዜ ዋንጫ የወሰደችብህ ሴትዮ!»

እትዬ ፌርማታ የአውቶቡስ ድርጅቱ አሰልጣኝ ናት። ቡድኗ ሰው አያሳልፍም፤ ከእሷ ተከላካዮች ዘንድ የደረሰ ሁሉ ስለሚቆም ነው ፌርማታ የተባለችው። እኔ ስሟን በጠራሁ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል።

«ልጄ፣ አንቺ ስትናደጂ ጆሮዬ ይጮኻል» አለኝ አባቴ።

እናቴ ወጥ እየጨመረችለት፣ «ተዪው ያስብ» አለች። «ሲያስብ ደስ ይላል፤ ቢያንስ ዝም ይላል።»

ነገሩን የለወጠው በማግስቱ የሆነው ነው። ረፋድ ላይ የዳቦው መኪና ለመጫን ዘገየ። አባቴ ሊቆጣ ወደ ግቢው ወጣ፤ እኔም ሳጥን ይዤ ከኋላው። መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ወደ መጫኛው በር ይጠጋ ነበር። ያ በር ጠባብ ነው፤ ሹፌሩ ራሱ በየሳምንቱ ግድግዳውን ይፍቀዋል። ያን ቀን ግን መኪናው ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ግራና ቀኝ እኩል ትቶ፣ ሳይንገጫገጭ ቆመ። አባቴ ቁጣውን ረስቶ፣ «ዛሬ ምን በልተህ መጣህ?» ሊለው ወደ መስኮቱ ቢጠጋ ሹፌሩ በወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። መሪውን የያዘችው ጭልፊት ናት።

ፊቷን ባያችሁት! እኔ ሁለት ዓመት አብሬያት ስሠራ፣ ባለ ሦስት ነጥብ ስታገባ፣ ሰው በትከሻው ሲሸከማት እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። አባቴን ስታየው ግን ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። ዘላ ወረደች።

«ይቅርታ ጋሼ፤ በእረፍቴ ሰዓት ነው።»

«ማን አስተማረሽ?»

ሹፌሩ፣ «እኔ ነኝ ጋሼ» አለ፤ እየፈራ። «ምንም አላስተማርኳትም ማለት ይቻላል። እጇ ላይ ነው ያለው። አውቶቡስ መንዳት ነው የምትፈልገው፤ ትልቁን። ሌት ተቀን እሱን ነው የምታወራኝ።»

ታወራለች? ጭልፊት? አባቴ አንድ ጊዜ ልጅቷን፣ አንድ ጊዜ መኪናውን አየና ወደ ምድጃው ተመለሰ። በዚያው ቀን ዳቦ አሳረረ። ጋሼ ሩጡ ዳቦ አሳረረ! ጭሱ እኛ ክፍል ድረስ መጣ። ሴቶቹ ትሪውን እያወጡ ያንን ጥቁር ዳቦ እንደ አስከሬን ዙሪያውን ቆመው አዩት። የሊጥ ማቡኪያው ኃላፊ መጥቶ አየና፣ «አለቀልን፤ ሊሰጣት ነው» አለ።

አልተሳሳተም። በሳምንቱ መጨረሻ እትዬ ፌርማታ ልምምድ ላይ መጣች። ሜዳው ዳር ቆመው ሲከራከሩ ኳስ የማነሳ መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ረጅሟንና ትንሿን ስጪኝ» አላት አባቴ። «ምሰሶንና ቁንጫን።»

«ምሰሶን ውሰድ። ቁንጫን ግን ስሞት አልሰጥም።»

«እንግዲያው ደህና ዋይ።»

«ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ! እሺ፣ ሁለቱንም ውሰድ። ጨረስን?»

«አልጨረስንም። ልጅቷ ትኬት አትቆርጥም። በገባች ማግስት የሹፌርነት ሥልጠና ትጀምራለች።»

እትዬ ፌርማታ ሳቀች። «እኔ የምፈልገው የምታገባ ሰው ነው፤ የምትነዳ ሞልቶኛል።»

«እኔ ደግሞ የምሰጥሽ የምትነዳ ነው። ማግባቷ ምርቃት ነው።»

እንደዚያ ተባባሉና ተጨባበጡ። እኔ በንዴት ጨስኩ። ኳሷን በእግሬ ለግቼ ከግቢው አጥር ውጪ ላክኋትና ራሴው ሄጄ አመጣኋት።

ለጭልፊት የነገራት ምድጃው አጠገብ፣ ፈረቃ ሲለወጥ ነው፤ እኔም በሩ ላይ ነበርኩ። ጓንቷን እያወለቀች ሰማችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ምንም አላጠፋሽ።»

«ታዲያ ለምን ያባርሩኛል? ካስቀየምኩዎት ይንገሩኝ። እዚሁ እቆያለሁ፤ መኪናውንም ሁለተኛ አልነካም።»

«ስሚኝ ልጄ» አላት አባቴ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰምቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ያልኩትን ስትይ ኖረሻል። ዛሬ ለአንድ ጊዜ አንቺ የምትፈልጊውን በይ። አውቶቡሱን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ጓንቷን እንደ ጨርቅ ጠመዘዘችው። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «እፈልጋለሁ» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ተናድጄ ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

ፋብሪካው አኮረፈው። የምድጃ ሴቶች ሰላምታ ቀነሱበት፣ የሊጡ ኃላፊ ፊቱን አዞረበት፣ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ያረረ ዳቦ አስቀመጠለት። አባቴ ዳቦውን ቆረሰና በሻይ በላው። «ጥርስ ያጠነክራል» አለ።

አዲሶቹ መጡ። ምሰሶ የአውቶቡስ ጎማ የምትፈታና የምታስር፣ እንደ ስሟ ረጅም ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን የምድጃ ክፍሉ በር ላይ ግንባሯን አላተመች፣ በሁለተኛውም ቀን እዚያው ላይ። ቁንጫ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ትንሽ፣ ዘላይ፣ አፏ የማይዘጋ። ልማዷ አልለቅ ብሏት በምሳ ሰልፍ ላይ ሰዉን «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ! መውጫው ላይ አትቁሙ!» እያለች ታስተካክለው ነበር። ሰው ሊጠላቸው ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ ግን ቁንጫን ጠልቶ መቆየት አይቻልም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ክፉኛ ተሸነፍን። አባቴ አልጮኸም። በነጋታው ግን ሁለቱን ምድጃው ፊት አሰለፋቸው፤ እኔንም ከማሸጊያ ክፍል አስጠርቶ መሃል አስገባኝ። ትሪ ወጣ። ምሰሶ ይዛ ቆመች፣ ጮኸች፣ ጣለች። ሌላ ወጣ። ለእኔ ወረወረችልኝ፣ እኔ ለቁንጫ፣ ቁንጫ ለመደርደሪያው። እንደገና! እንደገና! ፈረቃው ሲያልቅ ትሪው ሳይታየን ያልፍ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ስንወርድ ኳሷ እጃችን ላይ አልቆም አለች። አባቴ ሜዳው ዳር ሆኖ «ሩጡ» ማለት አቁሞ ነበር፤ አፉን ከፍቶ ያየን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሕልም ነው የሚመስለኝ። ሆስፒታሉን አሸነፍን። ቴሌን አሸነፍን። የውኃ ድርጅቱን ውኃ አጠጣነው። ማን እንዳገባ ሲጠይቁን አናውቀውም፤ ሁሉም ያገባል። እኔ! እኔ እንኳ አገባሁ! የሊጡ ኃላፊ ሜዳ አልረግጥም ያለው ሰውዬ ከሁሉም ፊት ቆሞ ድምፁ ይዘጋ ጀመር። በሌላ በኩል የአውቶቡስ ድርጅትም ጭልፊትን ይዞ ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ ጣለ። ለዋንጫ ማን ከማን እንደተገናኘ መናገር አያስፈልገኝም።

የፍጻሜው ዕለት እነሱ በሦስት አውቶቡስ ጡሩንባ እየነፉ መጡ። እኛ በዳቦው መኪና ላይ ተጭነን መጣን። ጭልፊት ከአንደኛው አውቶቡስ ወረደች፤ ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ ካለው የሠልጣኝ ወንበር። አባቴን ስታይ በሩቁ አጎንብሳ እጅ ነሳች። አባቴም ባርኔጣውን አነሳ። ሁለቱም ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

እንግዲህ ስለ ዱቄቱ ልናገር። የእኛ ሴቶች ከጨዋታ በፊት መዳፋቸውን ዱቄት ይቀባሉ፤ ላብ ይመጥላቸዋል። ያን ቀን ካፊያ ነበር። ዱቄትና ውኃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ የለም፤ ሥራችን ነው። ግን አንዳችንም አላሰብነውም! ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጃችን ሊጥ ሆነ። ምሰሶ ወደ ፊት የወረወረቻት ኳስ ጣቷ ላይ ተጣብቃ ወደ ኋላ ሄደች። የቁንጫ ቅብብል ዳኛው ደረት ላይ አረፈና ነጭ ክብ ተወ። የአውቶቡስ ደጋፊዎች፣ «ጋግሩት! ጋግሩት!» እያሉ ይዘፍኑ ጀመር። ጭልፊት ደግሞ አንዱን ነጥቃ፣ አንዱን አግብታ፣ እንደገና ነጥቃ፤ ምንም ምሕረት የለም። ዕረፍት ስንወጣ በብዙ ነጥብ እየተመራን ነበር።

እጃችንን ባልዲ ውስጥ ስናጥብ አባቴ ውኃውን አየው። ነጭ ሆኗል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ውስጥ ኖሬ» አለ፣ «በመጨረሻው ቀን ቡድኔን አቦካሁት!» ይስቅ ጀመር። እሱ ሲስቅ እኛም ሳቅን፤ ሆዳችንን ይዘን፣ እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ከዚያ ንጹሕ እጃችንን ይዘን ገባን።

አቤት ያቺ ሁለተኛ አጋማሽ! ኳሷ እንደ ትሪ ትሄድ ጀመር። ምሰሶ ለቁንጫ፣ ቁንጫ ለምድጃ ሴቶች፣ እነሱ ለእኔ፣ እኔ ሳላያት ለምሰሶ። የእትዬ ፌርማታ ልጆች የሚያስቆሙት ሰው አጡ፤ ወደ አንዷ ሲሮጡ ኳሷ ሌላዋ ዘንድ ናት። ቁንጫ የድሮ ጓደኞቿን፣ «መውጫው ላይ አትቁሙ!» እያለች በመሃላቸው ታልፋለች። ነጥቡ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ተስተካከለ። ጭልፊት አንዱን ታገባለች፣ እኛ አንዱን። ምሰሶ ከቅርጫቱ ሥር ተነሥታ አንዷን አስገባችና በአንድ ነጥብ መራን።

የቀረው አንድ ትንፋሽ ነው። ኳሷ ጭልፊት ዘንድ ናት። የምጠብቃት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ በግራ አሳየችኝና በቀኝ ሄደች፤ እኔ ከነነፍሴ ግራ ቀረሁ። ብቻዋን ናት። ከዚያ ቦታ ስታ አይቻት አላውቅም፤ ሁለት ዓመት ያየሁት ውርወራ ነው። ለቀቀቻት። ኳሷ የቅርጫቱን ከንፈር ዞረች፣ አሁንም ዞረች፣ ወጣች። ፊሽካ!

አሸነፍን! ዳቦ ፋብሪካው ሜዳ ውስጥ ገባ። የሊጡ ኃላፊ ምሰሶን ሊሸከም ሞክሮ አብረው ወደቁ። እኔ ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም፤ በኋላ ዳኛው ነው አሉኝ። የውድድሩ ሊቀ መንበር ዋንጫውን ይዞ፣ «ጋሼ ሩጡ! ይምጡ!» ይላል።

አባቴ ወደ ዋንጫው እየሄደ ሳለ ነው ከእኛው ሰዎች አንዲት አሮጊት የምድጃ ሠራተኛ፣ በደስታ፣ በፍቅር፣ «የበላችበትን አልረሳችም! ሆን ብላ ሳተችልን፣ ይባርካት!» ያለችው። ሌሎችም ተቀበሏት። «አዎ፣ ለጋሼ ብላ ነው!»

አባቴ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ ሄደ። ሊቀ መንበሩ ዋንጫውን ዘርግቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ የተመኛት ዋንጫ በክንድ ርቀት ላይ ናት። አልነካትም። ዞረና ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። እየሮጠ ነበር፤ አምላኬን፣ አባቴ ሲሮጥ አየሁ። ደንግጬ ተከተልኩት።

ጭልፊት መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ለእኔ ብለሽ ነው የሳትሽው?»

ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀላ፤ ጫማዋን አንሥታ መሬት ላይ ፈጠፈጠችው።

«ለእርስዎ?!» ብላ ጮኸች። ሜዳው ሁሉ ሰማት። «ለእርስዎ ብዬ? እኔ? ቸኮልኩ! አንጓዬን አላጠፍኩትም! ለምን እንደሳትኩ እስከ ዛሬ ዓመት አያስተኛኝም፣ እርስዎ ሆን ብለሽ ይሉኛል! ይስሙኝ ጋሼ! እኔ ለማንም ዋንጫ አልሰጥም! ለእርስዎም ቢሆን! በሚቀጥለው ዓመት ይቺን ልጅዎን አልፌ፣ ያቺን ረጅሟን አልፌ፣ ስጠጣበት ቆመው ያዩኛል!»

እንባዋና ካፊያው ፊቷ ላይ ተቀላቅለው ይወርዳሉ።

አባቴ «እሰይ!» አለ። «እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» እያለ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዘለለ፤ ለአሮጌ ጉልበቱ ሳያዝን። እሷ በንዴት ታለቅሳለች፣ እሱ በሳቅ ያለቅሳል፣ እኔ መሃላቸው ቆሜ የትኛውን እንደማለቅስ አላውቅም ነበር።

ዋንጫውን ሄዶ የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።